በአንዷ ጥሬ ፎቶ ደጁንም ጓዳውንም ማዳን

ጎረቤታችን እማማ ቡና የሚያፈሉት በራቸው ሥር ተቀምጠው ነው። ጅማ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በስስ ደመና ብቅ ስትል ደጁ ቦግ ይላል። ጓዳው ግን ጨለማ ነው። ዓይን ሁለቱንም ያያል። ካሜራ አይችልም። ወይ ደጁ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ወይ እማማ ጥላ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

የታወቀው ዘዴ ኤችዲአር ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ታቆማላችሁ። አንድ ጨለም ያለ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ደመቅ ያለ ፎቶ አንስታችሁ በኮምፒውተር ታዋህዳላችሁ። ለማይንቀሳቀስ ነገር አሪፍ ነው። እማማ ቤት ግን ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ይተናል፣ እጃቸውም አያርፍም። ሦስቱ ሲዋሃዱ አንዱ እጅ ሦስት ይሆናል። እሳቸው ደግሞ ትዕግሥት የላቸውም፦ «ልጄ፣ አንዴ አንሳና ተቀመጥ! ቡናው በረደ።»

አንዴ አንስቶ መቀመጥ ይቻላል፤ ፎቶው ሮው ከሆነ።

ሮው ጥሬ ማለት ነው። ጄፔግን ካሜራው ራሱ ቆልቶ ፈጭቶ ነው የሚያቀርብላችሁ፤ ካረረ አረረ ነው። በሮው መቁላቱ የእናንተ ፋንታ ነው። በቁጥር ላስቀምጠው፦ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ አለው። 14 ቢት ሮው 16,384 አለው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ጊዜ ሙሽሮችን ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወስጄ በጄፔግ አነሳኋቸው። ሜሞሪ ካርድ ልቆጥብ ብዬ እኮ ነው! የእንጨቱ ሰገነት ጨለማ ስለነበር ለእሱ ብዬ አደመቅሁት፤ ቬሎው ነጭ ሆኖ ጥልፉ ጠፋ። ማታ ላፕቶፑ ላይ ነጩን ሳጨልመው ግራጫ ሆነ እንጂ ጥልፉ አልመጣም። የክፍያውን ግማሽ መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁሉ የሚጀምረው ከደማቁ ቦታ ነው። ጨለማን በኋላ ማንሳት ይቻላል፤ የነጣን ግን ማንም አይመልሰውም። እማማ ቤት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 አደረግሁ። የካሜራው የብርሃን መለኪያ 1/125 ሰከንድ አለኝ። እኔ 1/500 አነሳሁ፤ ሁለት ስቶፕ ቀነስኩ ማለት ነው (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን ግማሽ ማድረግ፣ መጨመር ደግሞ እጥፍ ማድረግ ነው)። በስክሪኑ ላይ የነጣውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ክፈቱት። ብልጭታው ሲጠፋ እዚያው አቁሙ። ያ ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ከጄፔጉ ስለሆነ ትንሽ ይቸኩላል፤ ሮው ውስጥ ጥቂት ትርፍ አለ።

አብዝታችሁም አታጨልሙ። ከ16,384ቱ ደረጃዎች ግማሹን፣ 8,192ቱን፣ የሚወስደው ደማቁ ስቶፕ ብቻ ነው። ቀጣዩ 4,096፣ ከዚያ 2,048 እያለ ይወርዳል። ጥግ ላይ ያለው ጨለማ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ስታደምቁት በነጠብጣብ የሚንጫጫው ደግሞ እዚያ የደረሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ነው።

ለማጠቡ እኔ የምጠቀመው ዳርክቴብል የሚባለውን የሮው ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። (ላፕቶፑን ግን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።) መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ጠቅላላ ብርሃን) የቀነስኩትን ያህል፣ ሁለት ስቶፕ፣ መልሼ እጨምራለሁ። ደጁ ስክሪኑ ላይ ይነጣል። አትደንግጡ፣ መረጃው አልጠፋም።

ቀጥሎ ቶን ኢኳላይዘር የሚባለው የፕሮግራሙ መሣሪያ፣ ጨለማውንና ደማቁን ለየብቻ ማስተካከያው። ከ-8 (ከጨለማው) እስከ 0 (እስከ ደማቁ) የተደረደሩ 9 ስላይደሮች አሉት፤ እያንዳንዱ በዋናነት የራሱን የብርሃን መጠን ይነካል። ከመንካታችሁ በፊት ማስኪንግ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱን የአስማት ዱላ ምልክቶች ተጫኑ፤ ብርሃኑን በስላይደሮቹ ላይ ያከፋፍልላችኋል። ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን ስላይደሩን ስጎትት ምንም አይለወጥም ነበር። አሁን የደማቁን በኩል አንድ ተኩል ስቶፕ ያህል አወርዳለሁ፣ የጨለማውን አንድ ስቶፕ ያህል አነሳለሁ። ጭሱ ከደጁ ብርሃን ላይ ተለይቶ ሲወጣ ደስ ይላል። የበሩ ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ጉም ካያችሁ ግን አብዝታችኋል። የሚንጫጫውን ነጠብጣብ በዲኖይዝ መሣሪያው ጠረግ አድርጉት፤ ፊት ላይ እንደ ላስቲክ እንዳይለሰልስ ብቻ።

አንዳንዱ ሰው ከአንዱ ሮው ሦስት ኮፒ አውጥቶ፣ አንዱን አጨልሞ ሌላውን አድምቆ፣ ያዋህዳቸዋል። ያምራል፣ ይሠራልም። ግን አዲስ መረጃ አይጨምርም፤ ሦስቱም ከአንድ ሮው የወጡ ናቸውና። እውነተኛ ሦስት ፎቶ ለጨለማው ተጨማሪ ብርሃን ይሰበስባል፤ ኮፒው አይሰበስብም። እኔ አልደክምበትም።

ፎቶውን አሳትሜ ለእማማ ወሰድኩላቸው። ፊታቸውን፣ ጀበናውን፣ ደጁን አዩ፣ ወደዱት። ከዚያ ጣታቸውን አልጋው ሥር ላይ አሳረፉ። ጨለማውን አብዝቼ አንስቼው የሽንኩርት ማዳበሪያው ከነሽንኩርቱ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

«ይሄን ማን አሳይ አለህ?»

ቤት ተመልሼ ሁለቱን የጨለማ ስላይደሮች ዝቅ አደረግሁና በማግስቱ ሌላ አሳተምኩ።