ሲግናል ሙሉ ሆኖ ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ፦ ቻናሉን በማጥበብ የተገኘ መፍትሔ

በአንድ ባለ አራት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የዋይፋይ ሲግናል በየስልኩ ላይ ሙሉ ሆኖ ቢታይም፣ ከረፋዱ ጀምሮ አንድ ገጽ ለመክፈት ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። በገመድ የተገናኙት ኮምፒውተሮች በዚያው ሰዓት በደንብ ይሠሩ ስለነበር፣ ችግሩ ከኢንተርኔት መስመሩ እንዳልመጣ ግልጽ ነበር።

የራውተሮቹን የስርጭት ኃይል መጨመር ሁኔታውን አባባሰው፤ ተጨማሪ ራውተር መትከልም አልረዳም።

በዋይፋይ አናላይዘር (በአካባቢው ያሉ የዋይፋይ ስርጭቶችን በሚያሳይ መተግበሪያ) ስመለከት፣ ራውተሮቹ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ እያንዳንዳቸው 40 ሜጋኸርትዝ ስፋት ይዘው ቻናል በሚባሉት የባንዱ ክፍሎች 3፣ 4 እና 9 ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። በዚህ ባንድ ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርትዝ ብቻ ስለሆነ፣ 20 ሜጋኸርትዝ የሚይዙ ስርጭቶች ሳይነካኩ እንዲሠሩ የተለመደው ምርጫ 1፣ 6 እና 11 ነው። ቻናል የሚጋሩ መሣሪያዎች ተደማምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን የሌላውን መልእክት እንደ ጫጫታ ስለሚቆጥሩት በላዩ ላይ ያስተላልፋሉ፤ የከፋውም ይህ ነው።

ስለዚህ ስፋቱን ወደ 20 ሜጋኸርትዝ አውርጄ፣ ጎረቤት ራውተሮች ተመሳሳይ ቻናል እንዳይደርሳቸው 1፣ 6 እና 11ን አከፋፈልኩ፤ ኃይሉንም ቀነስኩ። መንቀራፈፉ በአብዛኛው በዚህ ተወገደ። ቀጥሎ በኦፕን ደብሊውአርቲ (ራውተሮቹን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ የ802.11ቢ፣ ማለትም የአሮጌውን የዋይፋይ ደረጃ፣ ዝግተኛ ፍጥነቶች ዘጋሁ፤ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ፍጥነት የሚላክ መልእክት አየሩን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ሌሎቹን ሁሉ ያስጠብቃል። አዳዲስ ስልኮችና ላፕቶፖች ወደ ሌላው የዋይፋይ ባንድ፣ ወደ 5 ጊጋኸርትዝ፣ ተዛወሩ። 802.11ቢን ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ፕሪንተር ካለ ግን ከዚህ በኋላ ስለማይገናኝ፣ አስቀድሞ በገመድ ማገናኘት ያስፈልጋል።