377 ከተሻረ ቆየ እኮ! አዋጅ ከኢንተርኔት ስታወጡ የምታበላሿቸው ነገሮች

ሰሞኑን አንድ ልጅ ፊቱ በርቶ ቢሮ መጣ። "ጋሼ፣ ያሰናበቱኝ 46ኛው ቀን ላይ ነው፣ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ስለሆነ አሁን ቋሚ ነኝ" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ፣ ሳየው የድሮው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 377/96። በዚህ ዓመት ብቻ ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ! ወንድሜ፣ 377 በ2011 በአዋጅ 1156 ተሽሯል፣ አዲሱ ደግሞ ሙከራን እስከ 60 የስራ ቀን ያስኬዳል፣ የስራ ቀን ነው ያልኩት፣ እሁድ አይቆጠርም። የሚያናድደው፣ የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት የሚለው እዛው አንቀጽ 11 ላይ አለ፣ የሚጠቅመው ምናልባት እሱ ነበር፣ ግን ቁጥሯን ብቻ አይቶ ዘግቶታል።

ችግሩ የተሻረ አዋጅ ፒዲኤፉ ላይ "ሞቻለሁ" ብሎ አይጽፍም። ከታተመበት ቀን ጀምሮ ያው ነው፣ ማህተሙም አርማውም ቦታው ላይ ነው። መሻሩ የሚጻፈው በተካው አዋጅ ውስጥ ነው፣ ያውም መጨረሻ ገጾች አካባቢ "የተሻሩ ህጎች" የሚል አንቀጽ ስር። ስለዚህ አንድ አዋጅ ስታገኙ ደስ ከማለታችሁ በፊት በዛው ርዕስ ከሱ በኋላ የወጣ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። የተሻሻለም አለ ደግሞ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አልሞተም፣ ግን 1395/2017 አሻሽሎታል፣ ከደሞዝ ላይ ግብር የማይነካው 600 ብር የነበረው 2,000 ሆኗል፣ አሮጌውን ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ነው ማንበብ።

ልጁ አዲሱን አውርዶ ማታ ደወለ፣ "ጋሼ፣ ሰራተኛ ብዬ ስፈልግ ምንም የለም ይለኛል።" የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ውስጥ ሰራተኛ የለም! አዋጅ የሚታተምበት ነጋሪት ጋዜጣ የሚጽፈው "ሠራተኛ" ብሎ በንጉሡ ሠ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሠ እና ሰ ለሱ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ህግ፣ ሕግ፤ ደሞዝ፣ ደመወዝ፤ ጸ፣ ፀ፤ ሁሉንም ሞክሩ። ሁሉንም ሞክራችሁ እምቢ ካለ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው፣ እንደዛ ከሆነ ኮንትሮል ኤፍ እስከ ነገ ብትጫኑት አያመጣም፣ በአይን ነው የሚነበበው። ፎቶ ያልሆነውንም ኮፒ ለማድረግ ስትሞክሩ ጎን ለጎን ያሉት የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ዓምድ ይደባለቁና አማርኛው መሃል እንግሊዝኛ ይሰነቀርላችኋል።

ዓመተ ምህረት፦ 1156/2011 እና 1156/2019 አንድ አዋጅ ነው፣ አንዱ የኛ አንዱ የፈረንጅ አቆጣጠር። እላይ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው ደግሞ የጋዜጣው ቁጥር ነው፣ የአዋጁ አይደለም።

እንግሊዝኛውን ብቻ አንብባችሁ አትከራከሩ፣ ሁለቱ ሲለያዩ የሚገዛው አማርኛው ነው፣ ይሄ በአዋጅ 3/1987 የተጻፈ ነው። በቴሌግራም የሚዞር "ረቂቅ" ህግ አይደለም፣ በቃ።

አሁን የራሴን ልናገር። ስራ እንደጀመርኩ ደሴ ያለች የአክስቴ ልጅ ስለ ፍቺ ጠየቀችኝ፣ እኔም ኮራ ብዬ የተሻሻለውን የቤተሰብ ህግ፣ 213/92ን፣ ከነአንቀጹ ጽፌ ላክሁላት። ለካ እሱ የሚሰራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው! አማራ ክልል በ1995 ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ህግ አለው፣ ቁጥር 79። ያንን የነገራት ማመልከቻ ጸሐፊው ነው፣ "ጠበቃ ዘመድ አለኝ አላልሽም ነበር?" እያለ። እስካሁን በየሰርጉ ይነሳብኛል። የአሰሪና ሰራተኛና የወንጀል ህግ የፌዴራል ናቸው፣ የቤተሰብ ህግና የክልል መንግስት ሰራተኞች ህግ ግን ክልሉ ያወጣል፣ እነዚህን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ብትቆፍሩ አታገኙም። የክልሎቹን ጋዜጦች የአማራው ዝክረ ህግ፣ የኦሮሚያው መገለተ ኦሮሚያ እያላችሁ በስማቸው ፈልጉ።

መመሪያም እንደዛው ነጋሪት ላይ አይወጣም። አዋጅ 1183/2012 የፌዴራል መስሪያ ቤቶች መመሪያ ፍትህ ሚኒስቴር እንዲመዘገብና ድረገጽ ላይ እንዲጫን ያስገድዳል፣ እና አንድ ቢሮ "መመሪያው አይፈቅድም" ሲላችሁ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ አንዴ ሰውየው መሳቢያውን ከፍቶ ዘጋና "ነገ ይምጡ" አለኝ።