ባለቁጥር የእንጨት ህትመት መግዛትና ማቆየት፦ ጎንደር ላለ ሰብሳቢ

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ብራና ላይ የተሣለ መልአክ አይጠፋም። የእንጨት ቅርጽ ህትመት የሚፈልግ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መውረድ ወይም ከሠዓሊው ጋር በቀጥታ መነጋገር አለበት። "ህትመት" ሲባል ፖስተር የሚመስለው ብዙ ነው። ሠዓሊው ጣውላውን ይቀርጻል፣ ሳይቆረጥ የቀረውን ገጽ በሮለር ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት አልብሶ በማተሚያ ወይም በማንኪያ ጀርባ እያሸ ያነሣዋል። ሃያ ጊዜ ካተመ ሃያውም ዋና ሥራ ነው።

ሙያው እዚህ አገር ሥር የያዘው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ጀርመናዊው ሀንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእንጨት ቅርጽ አስተምረውበታል፤ ካስተማሯቸው አንዱ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ለጀማሪ ሰብሳቢ የምሩቃን ዓውደ ርእዩን ያህል የሚጠቅም ቦታ የለም፦ ዋጋው አይከብድም፣ የቀረጸው ሰውም አጠገብዎ ቆሞ ይመልስልዎታል።

መጀመሪያ የሚነበበው ሥዕሉ ሳይሆን ግርጌው ነው። በግራ በኩል እንደ 7/20 ያለ ቁጥር፣ መሐል ላይ ርእስ፣ በቀኝ ፊርማና ዓመት በእርሳስ ይጻፋሉ። 7/20 ማለት ከሃያው ሰባተኛው ነው። 1/20 ካልሆነ ብሎ ተጨማሪ የሚከፍል ሰው ብሩን በከንቱ ያወጣል፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀለሙ ደርቆ ሲፈረም ስለሆነ የታተመበትን ቅደም ተከተል ላያሳይ ይችላል። ከሃያው ውጭ ሠዓሊው ለራሱ የሚያስቀራቸው "ኤ.ፒ." የተባሉ ናሙናዎች አሉ፤ በልማድ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው። ለሃያ ህትመት ስምንት ናሙና ካለ ቁጥሩ ትርጉሙን አጥቷል። ዓመቱንም ይጠይቁ፦ 2012 የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ኋላ ሲሸጥ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ቀጥሎ ጣውላው የት እንዳለ ይጠይቁ። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ሠዓሊው ህትመቱ ሲያልቅ ጣውላውን በመስመር ሰርዞታል፣ ወይ እንዳለ አስቀምጦታል፣ ወይ ደግሞ ያው አንድ ጣውላ ለእያንዳንዱ ቀለም እየተቀረጸ አልቋል። ሦስተኛው ከሁሉ ያስተማምናል፤ ሁለተኛው ቀለም ሲታተም የመጀመሪያው ቅርጽ ስለጠፋ ሃያ አንደኛ ማውጣት አይቻልም። ጣውላው እንዳለ ከሆነ ዳግም እንደማይታተም በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

እውነተኛ መሆኑን ለመለየት የስልክዎን መብራት ከጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ያብሩ። ጫና የገባበት ቦታ ጎድጎድ ይላል፤ በእጅ የታተመ ከሆነ ጀርባው ላይ ማንኪያው ያሸው ቦታ ያበራል። በማጉያ መነጽር ሲያዩ ቀለሙ በመስመሩ ጠርዝ ተገፍቶ ይወፍራል፣ በሰፊው ጥቁር ውስጥም የእንጨቱ ጅማት ይታያል (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ በተሠራ ኤምዲኤፍ ሰሌዳ ላይ ከተቀረጸ ጅማት አይጠብቁ)። ያዩት ሁሉ እኩል የተበተኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከሆነ የኮምፒውተር ህትመት ነው፤ ፊርማ ቢኖርበትም ያው ነው። በመስመሩ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ካለ ቀለሙ የተልባ ዘይት በዝቶበታል፤ ቀለበቱ አይለቅም፣ እንዲያውም እየጠቆረ ይሄዳል።

አዲስ ህትመት ከመጠቅለሉ በፊት ቀለሙ መድረቅ አለበት፤ የዘይት ቀለም ሲወፍር ሳምንታት ይፈጃል። ከተቻለ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል ጠፍጣፋ አድርገው ይያዙት። መጠቅለል ግድ ከሆነ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ያስቆርጡ፤ ከዚያ የጠበበ ቱቦ ወፍራሙን ቀለም ይሰነጥቀዋል። ህትመቱን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ሸፍነው ይጠቅልሉ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እንደወረዱም ቤት ገብተው በዚያው ዕለት ይፍቱት። ቱቦው ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም።

አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከፍሬም ሠሪው ነው። የተለመደው አሠራር ህትመቱን ከመስታወቱ አጣብቆ፣ አራቱንም ጎን በፕላስተር ለጥፎ፣ ከኋላ ጋዜጣ ወይም ኮምፔርሳቶ መደርደር ነው። ወረቀት በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፤ አራት ጎኑ ሲያዝ ይሞገዳል። ፕላስተሩ ቡናማ ጠባሳ ይተዋል፣ የጋዜጣውና የእንጨቱ አሲድም ወረቀቱን ያቃጥላል። ስለዚህ ከላይ በሁለት ቦታ ብቻ፣ በስስ ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይንጠልጠል። ከፊት አሲድ የሌለው፣ መሐሉ የተከፈተ ወፍራም ካርቶን ይግባ፤ መስታወቱና ቀለሙ ከተነካኩ በሐምሌ እርጥበት ይጣበቃሉ። ኅዳጉ ፍሬሙ ውስጥ እንዲያምር ብሎ ወረቀቱን ለመቁረጥ መቀስ የሚያነሣ ካለ ህትመቱን ይዘው ይውጡ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ ፀሐዩ ይበረታል። መስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ባለቀለም ህትመት ቀድሞ ቀዩን ያጣል። ከረከቦት በላይም አይስቀሉ፤ የዕጣንና የቡና ጭስ ወረቀቱን ያጠይመዋል። የውጭ የድንጋይ ግድግዳ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት ይተነፍሳል፤ በውስጥ ግድግዳ ይስቀሉ፣ ከፍሬሙ ጀርባ ታችኛው ሁለት ማእዘን ላይም አንድ ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ቡሽ ይለጥፉ፣ አየር ይለፍበት። ክረምቱ ሲወጣ ሁሉንም አውርደው ጀርባቸውን ይዩ። ሻጋታ ካገኙ በእርጥብ ጨርቅ አይንኩት፤ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። አየር ባለው ጥላ ያድርቁት፣ ከዚያ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ደጅ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት።