በመሀል አዳማ ከመናፈሻ ጎን ያሉ ነባር ሕንፃዎችን ጠብቆ ለአገልግሎት ማዋል

አዳማ ያደገችው የባቡር ሐዲዱን ተከትላ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ የአዳማ ጣቢያ በዙሪያው መጋዘኑን፣ ሱቁን፣ ሆቴሉንና መኖሪያ ቤቱን እየሰበሰበ የከተማዋን መሀል ፈጠረ። ከዚያ ዘመንና ከተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት የተረፈ ባለ በረንዳ ቤት ከመናፈሻ፣ ወይም ለመናፈሻ ከተለየ ክፍት ቦታ ጎን በሚገኝበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ፣ አረንጓዴ ቦታው ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። ብዙው ጉዳት የሚመነጨው ከዚህ አከፋፈል ስለሆነ፣ ቤቱና መናፈሻው በአንድ ፕላን ላይ፣ በአንድ የከፍታ ልኬት መነደፍ አለባቸው።

አስቀድሞ የባለቤትነት ጉዳይ ይጣራ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት በማድረጉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የቀበሌ ተከራይና የግል ባለይዞታ አብረው የሚገኙበት ሁኔታ አለ፤ የሁሉም ስምምነት በጽሑፍ ሳይያዝ የሚጀመር ጥገና መሀል ላይ ይቆማል። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። የከተማው የግንባታ ፈቃድም ለብቻው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ያልተመዘገበ ነገር ግን ዋጋ ያለው ቤት ሲያጋጥም ጥያቄውን ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ያለብን የመንገድ ወይም የኮሪደር ልማት ምልክት ግድግዳው ላይ ከመቀባቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ማመልከቻ እምብዛም አይሰማም።

ቀጥሎ ቤቱ እንዳለ ይመዝገብ፤ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ በርና መስኮት ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የተሠራበት ነገር ይጻፍ። ድንጋዩ በጭቃ ነው የተገነባው ወይስ በኖራ? ከልስኑ በታች ማገርና ጭቃ አለ? ልስኑን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ተላቋል ማለት ነው። የቋሚዎቹ እግር ደግሞ በቀጭን ሚስማር ይወጋ፤ ሚስማሩ ያለ ጉልበት ከገባ፣ ላዩ ቀለም ቢኖረውም እንኳ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ውኃ ነው። አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች በመሆኗ በክረምት ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ወደ መሀል ከተማው ይገሰግሳል፤ በአካባቢው የሚበዛው ልል የእሳተ ገሞራ አፈርም በውኃ በቀላሉ ታጥቦ ይሄዳል። ነባር ቤት ሲሠራ ወለሉ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነበር፤ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ በየጊዜው እየተደራረበ ሲመጣ ግን መንገዱ ከወለሉ እኩል ይሆናል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል። መናፈሻ ሲሠራ ለም አፈር ከውጭ ተጭኖ ስለሚመጣ ይኸው ስሕተት በሌላኛው ወገን ይደገማል። ስለዚህ የመናፈሻው መሬት ከቤቱ ወለል ዝቅ እንዲል፣ ተዳፋቱም ከግድግዳው እንዲርቅ አስቀድሞ በፕላኑ ላይ ይወሰን። በግድግዳው ሥር አበባ መትከል ለዓይን ቢያምርም እኔ በፍጹም አልመክረውም፤ በየቀኑ የሚጠጣው ውኃ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። አትክልቱን ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቆ፣ መካከሉን በጠጠር ሞልቶ፣ የአሸንዳውን ውኃ በተዘጋ ቱቦ ወደ ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) ማውረድ ይሻላል። ነባር ትልቅ ዛፍ ካለ ሥሩን ቆርጦ ቱቦ ከማሳለፍ ይልቅ ቱቦውን ማዞር ይገባል።

እርጥበት ያወዛውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን በከተማችን የተለመደ ነው፤ ውጤቱ ግን ክፉ ነው። ሲሚንቶው ውኃው ወደ ውጭ እንዳይተን ስለሚያግደው፣ ውኃው ግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ የተሸከመው ጨው ድንጋዩን ያበሰብሰዋል፣ ጭቃውን ያራግፈዋል። በኖራ የተሠራ በኖራ፣ በጭቃ የተሠራ በጭቃ ይጠገን። ኖራው በውኃ ተነክሮ ለሳምንታት ከቆየ በኋላ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ በስምጥ ሸለቆው የሚገኘው ፑሚስ የተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቅቆ ሲጨመርበት በእርጥበት ቦታም ይጠነክራል። ልስኑ ስስ ሆኖ በየደረጃው ይለበጥ፣ የአዳማ ፀሐይም ቶሎ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን።

ስንጥቅ ሲታይ ወዲያው መድፈን ተገቢ አይደለም። በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበት፤ ጀሶው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይሰበር ከቆየ ስንጥቁ ያረጀ ነው፣ ከተሰበረ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ መሐንዲስ ይጠራ። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የእንጨት አጽም ያለው የጭቃ ቤት ንቅናቄን በመጠኑ ይችለዋል፤ በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ግን ማዕዘኑ ይከፈታል። ጣሪያውን ከግድግዳው፣ ግድግዳውንም ከግድግዳ ጋር በእንጨት ወይም በብረት ማሰር ያስፈልጋል። ከባድ የአርማታ ጣሪያ መጫን አደጋውን ያባብሳል።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ሕንፃው ወደ መናፈሻው የሚመለከት በረንዳ ካለው ዋጋው ያለው እዚያ ነው። ቡና፣ መጻሕፍት፣ የእጅ ሥራ፣ አነስተኛ የከተማ ታሪክ ማሳያ የመሳሰሉት ክፍሎቹን ሳያፈርሱ ይገባሉ፤ ሱፐርማርኬት ወይም ትልቅ አዳራሽ ግን የውስጥ ግድግዳዎችን ማንሣት ስለሚጠይቅ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት አይሆንም። በአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን ሕንፃዎች ከአትክልት ስፍራው ጋር አያይዞ ለጎብኚ አቅርቧል፤ አዳማ ያን ያህል በጀት ባይኖራትም ትምህርቱን መውሰድ ትችላለች። መጸዳጃ ቤት፣ ወጥ ቤትና የውኃ ታንከር ነባሩን ክፍል እንዳይነኩ በጓሮ በሚሠራ አዲስ ክፍል ይቀመጡ። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና ሰነድ እንደሚለው የሚተካ አካል ከነባሩ ጋር ተስማምቶ፣ ነገር ግን ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ አዲሱን ክፍል አሮጌ ለማስመሰል ጌጥ መለጠፍ ተመልካችን ማታለል ነው። ቁመቱም ከነባሩ ጣሪያና ከዛፎቹ አይብለጥ። በቤቱና በመናፈሻው መካከል የቆርቆሮ አጥር ወይም የመኪና ማቆሚያ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። በጥር 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል የደረሰው የእሳት አደጋ በእንጨት በተሠራ ነባር ሕንፃ እሳት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዛመት አሳይቷል፤ የእሳት አደጋ መኪና በመናፈሻው በኩል የሚገባበት መንገድም በፕላኑ ላይ ይቀመጥ።

ውሉ ሲዘጋጅ፣ በኖራ የመሥራት ልምድ ያለው ግንበኛ በስም እንዲቀርብ፣ በመጀመሪያም አንድ ካሬ ሜትር የናሙና ልስን ሠርቶ እንዲያሳይ ይጠየቅ። ለሥራው ጥራት ዋስትና ከተቋራጩ ክፍያ ላይ የሚያዘው ገንዘብ የሚለቀቀው አንድ ክረምት አልፎ፣ ባለቤቱ፣ የመናፈሻው አስተዳደርና መሐንዲሱ በዝናብ ቀን አብረው ዞረው አሸንዳውና ዲቹ ውኃውን በአግባቡ እንደሚያወርዱ፣ የግድግዳው ሥርም ደረቅ መሆኑን ፈርመው ሲያረጋግጡ ይሁን።