ጠፈር ላይ ሪአክተር እንዴት ይለኮሳል?

ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቆሮሶ ልንጠብስ ወጣን። የእህቴ ልጅ ከሰሉን ቤት አቀጣጥሎ ባጃጅ ላይ ሊጭነው ሲል ደረስኩበት። «መጀመሪያ እንድረስ፣ እዚያ ትለኩሰዋለህ» አልኩት። አተም እየሰነጠቀ ለሳተላይት ኃይል የሚሰጠው የጠፈር ኒውክሌር ሪአክተርም የመጀመሪያ ሕጉ ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ሳትለኩሱ ጫኑት። ያልሠራ ዩራኒየም ጨረሩ ደካማ ነው። አደገኛው ነገር የሚፈጠረው አተሙ መሰንጠቅ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ሮኬቱ መንገድ ላይ ቢበላሽ እንኳ ጉዳቱ ያን ያህል አይከፋም።

ሁለተኛ፣ ከፍ በሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 የላከችው ሪአክተር፣ ስናፕ 10ኤ፣ የተለኮሰው 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬም እዚያው ይዞራል። የሶቪየቱ ሳተላይት ኮስሞስ 954 ግን ዝቅ ብሎ ይበር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከነሪአክተሩ ሰሜን ካናዳ ላይ ወደቀና ጨረር ያለበት ስብርባሪ በተነ።

ሦስተኛው ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጠፈር ብርድ ነው፣ ራሱ ያቀዘቅዘዋል» ይባላል። የጋለ መጥበሻ ጣና ውስጥ ብትነክሩት ወዲያው ይበርዳል። ጠፈር ግን ውኃም አየርም የለውም፤ ይልቅ ፔርሙዝን ይመስላል። የፔርሙዙ ሻይ የማይበርደው በግድግዳዎቹ መሃል አየር ስለሌለ ነው። ሙቀቱ የሚወጣው እንደ ፍም ሙቀት በመፈንጠቅ ብቻ ስለሆነ ሰፊ የሙቀት ማስወገጃ ክንፍ ያስፈልጋል። ታጥፎ ከመጣ፣ ሪአክተሩ ሙሉ ጉልበቱን ከማውጣቱ በፊት ዘርጉት። የጨረር መከላከያው ደግሞ ከባድ ስለሆነ ዙሪያውን አይለብስም። እንደ ጃንጥላ ጥላውን የሳተላይቱ ዕቃ ወዳለበት ወገን ብቻ ይጥላል።

አሁን ለኩሱ። በስናፕ 10ኤ ጎን ቤሪሊየም ከተባለ ብረት የተሠሩ ከበሮዎች ነበሩ። ወደ ውስጥ ሲዞሩ ሊያመልጥ ያለውን ኒውትሮን፣ ማለትም አተሙን የሚሰነጥቀውን ቅንጣት፣ ወደ ነዳጁ ይመልሱታል። ትንሽ አዙሩ፣ ሙቀቱን እዩ፣ ጠብቁ፣ እንደገና ትንሽ አዙሩ። ነዳጁ ሲግል ይለጠጣል፤ ብዙ ኒውትሮን ያመልጠውና ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ ክረስቲ የተባለ ትንሽ ሪአክተር 28 ሰዓት ሲሞከር ይህ በደንብ ታይቷል።

ስናፕ 10ኤ ከ500 ዋት በላይ ሰጠ። ካውያ እንኳ በቅጡ አያግልም፣ ግን ለዚያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። በ43ኛው ቀን ቆመ። ያቆመው ሪአክተሩ አልነበረም፤ ሳተላይቱ ላይ ያለ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ነው።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ዓሣውን እያገላበጠ ዝም አለ። የእናቱን ፍሪጅ ያለ ስታቢላይዘር ሰክቶ ያቃጠለው እሱ ነው።