የገቢ ግብር ሕግን ሳትፈሩ እንዴት ታጠናላችሁ?

ደሴ ሕግ ስማር የግብር ኮርስ ሲመጣ ሁላችንም የፈራነው ቁጥሩን ነበር። እኔም የምጣኔውን ሰንጠረዥ ሸምድጄ ፈተና ገባሁ። ነጥብ ያጣሁት ግን ስሌቱ ላይ አልነበረም። በጥያቄው ውስጥ ያለው ሰው ግብሩን ለፌዴራል ይሁን ለክልል እንደሚከፍል ሳልለይ ነው ማስላት የጀመርኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ፤ የፌዴራሉንና የክልሉን የግብር ሥልጣን የሚለዩትን አንቀጽ 96 እና 97ን። ደሴ ውስጥ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር መምህርት የክልል ሠራተኛ ናት። የደመወዝ ግብሯ የክልሉ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጎረቤቷ ግን የፌዴራል መንግሥት ተቀጣሪ ስለሆነ ግብሩ የፌዴራል ነው። ኮምቦልቻ በግል ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሟስ? እሱም የክልሉ። አንድ ቤተሰብ ይዛችሁ እንዲህ ስትለዩ አንቀጾቹ ከአእምሯችሁ አይጠፉም።

ቀጥሎ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን እና ማሻሻያውን አዋጅ ቁጥር 1395/2017ን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከሲኒየር የወረሳችሁት ሃንድአውት ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ 600 ብር ነው ካለ፣ አሮጌ ነው። አሁን 2,000 ብር ነው። አማርኛውንም አንብቡ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ የሚጸናው አማርኛው ነው።

ከዚያ ገቢውን ለዩ። ደመወዝ ሠንጠረዥ ሀ፣ የቤት ኪራይ ለ፣ የንግድ ሥራ ሐ፣ ሌሎች ገቢዎች መ፤ ሠ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆኑት ናቸው። መምህርቷ ግቢዋ ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ብታከራይ ኪራዩ ከደመወዟ ጋር አይደመርም፤ ለብቻው በሠንጠረዥ ለ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «ሠንጠረዥ ለ» እና «ደረጃ ለ» አንድ አይደሉም። ሠንጠረዥ የገቢው ዓይነት ነው። ደረጃ የግብር ከፋዩ መደብ ነው። ደብተራችሁ ላይ በሁለት ቀለም ጻፏቸው።

አሁን ወደ ስሌቱ። አብሽሩ፣ መደመርና ማባዛት ብቻ ነው። መምህርቷ በወር 12,000 ብር ታገኛለች እንበል። የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ 600። እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ 750። በቀረው 2,000 ላይ 30 በመቶ፣ 600። ድምሩ 2,250 ብር ይሆናል። እስከ 14,000 ድረስ 30 በመቶው ይቀጥላል፤ ከዚያ በላይ 35 ነው።

ይህን ቢያንስ አሥር ጊዜ በእጃችሁ ሥሩት። «ደመወዜ ቢጨመር ግብሩ ይበላዋል» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። ከፍ ያለው ምጣኔ የሚያርፈው በጭማሪው ላይ ብቻ መሆኑን የምታስረዱት ራሳችሁ ስታሰሉት ነው። አቋራጩን ቀመር፣ 12,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ ለ30 በመቶው እርከን የተቀመጠው ተቀናሽ 1,350 ሲቀነስ፣ ከዚያ በኋላ ተጠቀሙ። መልሱ ያው 2,250 ነው።

በመጨረሻ ሦስት አራት ሆናችሁ ቡና ላይ ተቀመጡ። አንዱ ታሪክ ይፍጠር፤ ባቲ ገበያ የሚነግድ፣ ከሳዑዲ የተመለሰች፣ ሁለት ቦታ የተቀጠረ። ሌላው «ግብሩ ለማን ነው?» ከሚለው ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ይፍታ። ከሳዑዲ የተመለሰችው ላይ ስትደርሱ አትሩጡ፤ በግብር ሕጉ ነዋሪ መሆኗን፣ አገር ውስጥ የቆየችበትን ጊዜ የሚቆጥረውን የ183 ቀን መለኪያ ጨምራችሁ፣ ቀድማችሁ መርምሩ።