ረሃብ እንቅልፍ ሲነሳ፦ የእራትና የመኝታ ሰዓትን ማስማማት

እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳሺ ያናጊሳዋና ባልደረባው ታኬሺ ሳኩራይ በዳላስ፣ ቴክሳስ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል የሚመነጭ ንጥረ ነገር አገኙ፤ የአይጦችን የመብላት ፍላጎት ስለጨመረም፣ የምግብ ፍላጎት ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል ወስደው ኦሬክሲን አሉት። በዓመቱ ይህ ንጥረ ነገር የሌላቸውን አይጦች፣ አይጥ በሌሊት የሚነቃ እንስሳ ነውና፣ በጨለማ በሚያይ ካሜራ ሲቀርጿቸው፣ ሲሯሯጡ የነበሩት በድንገት ተዝለፍልፈው ሲወድቁና ጥቂት ቆይተው ሲነሱ ተመለከቱ። በምግብ ፍላጎት ስም የተጠራው ኦሬክሲን ነቅቶ የመቆየትም ምሰሶ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ኦሬክሲንን የሚያመነጩት ሴሎች በደም ውስጥ ያለው ስኳር ዝቅ ሲልና ባዶ ሆድ የሚለቀው ግሬሊን ሲጨምር ይነቃቃሉ፤ ከሰውነት ስብ የሚመነጨው ሌፕቲን ደግሞ ያረጋጋቸዋል። የተራበ አይጥ እንቅልፉን ትቶ ምግብ ፍለጋ የሚዞረው በእነዚህ ሴሎች አማካይነት ሲሆን፣ ሴሎቹ የጠፉበት አይጥ ግን ቢራብም ያን ያህል አይነቃም። ስለዚህ ሆድዎ ባዶ ሆኖ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ራስዎን አይውቀሱ፤ አንጎልዎ ሥራውን እየሠራ ነው።

መጀመሪያ ምንም ሳይቀይሩ ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። በየቀኑ እራት የበሉበትን ሰዓት፣ የመጨረሻውን ቡና፣ የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት፣ ጠዋት የተሰማዎትን ረሃብ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው እሱን ነው፣ ያለ እሱ የሚደረገው ለውጥ ግምት ብቻ ስለሚሆን።

በሁለተኛው ሳምንት እራትዎን ከመኝታ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት ይጨርሱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው 1 ሰዓት ላይ ቢበላ፣ ሲተኛ ጨጓራው ተጨናንቆ አይቃጠልበትም፣ ረሃብም አይቀሰቅሰውም። ሥራ እስከ 3 ሰዓት የሚያቆይዎ ከሆነ 11 ሰዓት አካባቢ ጠንከር ያለ መክሰስ ይብሉና ማታ በትንሽ ምግብ ይለፉት። በመኝታ ሰዓት ከራብዎ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ በጾም ቀን ደግሞ አንድ ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ይበቃል።

ቡና የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየተጠራቀመ እንቅልፍን የሚጋብዘውን አዴኖሲን ካፌይን ይጋርደዋል። ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ የመጨረሻውን ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጠጡ። በምሽት ቡና ተጠርተው እምቢ ማለት ነውር ከሆነብዎ አቦሉንና ቶናውን አሳልፈው በረካውን ይቅመሱ።

እንቅልፍ ማጣትም በተራው የምግብ ፍላጎትን ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 12 ጤናማ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ አሥር ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ቀነሰ፣ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨመረ፤ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ስታርች የበዛበት ምግብም ይበልጥ አማራቸው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ምክሩ ግልጽ ነው፦ ሳይተኙ ባደሩ ማግስት በረሃብዎ መጠን አይመሩ፣ ቁርስዎን ከዋዜማው ወስነው ያዘጋጁ።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የምግብ ሰዓቱን አይቀይር። በቀን ሳያስበው እንቅልፍ የሚጥለው፣ ወይም ከልቡ ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ደግሞ ማስታወሻውን ይዞ ወደ ነርቭ ሐኪም ይሂድ፤ ይህ የናርኮሌፕሲ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ሕመም በተያዙ ብዙ ሰዎችም ኦሬክሲንን የሚያመነጩት ሴሎች አብዛኞቹ ጠፍተው ተገኝተዋል።